መንገዱ ተመረቀ፤ ጉድጓዱስ?

ለፋሲካ ሦስት ሆነን ወደ አንዷ ጓደኛችን አያት አገር ሄድን። ሦስታችንም ጋዜጠኝነት የተማርን፣ ሦስታችንም በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ ካልወጣን የሚያፍነን ሴቶች ነን። ድሮ (ድሮ ስንል ጓደኛችን ሕፃን ሳለች ማለታችን ነው) ከወረዳው ከተማ እስከ እማማ ቤት በእግር ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አሁን አስፋልት ገብቷል። ሚኒባሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አደረሰን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይኼን እንናገር፤ እኛ መንገዱን ወደነዋል። እማማ ደግሞ ከእኛ በላይ ወደውታል። «በቃሬዛ ስትሄድ መንገድ ላይ የቀረች ወላድ ስንት ናት መሰላችሁ፣ ልጆቼ?» አሉን። ከዚህ በታች የምንጽፈውን አንብቦ «ፀረ ልማት» የሚል ታፔላ ሊለጥፍብን የሚያስብ ካለ፣ መጀመሪያ እማማን ያነጋግር።

በማግስቱ የሰፈሩ ልጆች ዋና ሲሄዱ ተከትለናቸው ወጣን። «ሐይቁ» ይሉታል። ሐይቅ ግን አይደለም። ኮንትራክተሩ ለመንገዱ ገረጋንቲ ያወጣበት ጉድጓድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሳይሞላና ሳይታጠር ቀረ፤ ክረምት መጣና ውሃ ሞላው፤ በጋውም አላደረቀውም። ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የገባ ሰው የሚወጣው በአንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ጥጉን ያውቁታል። ባለፈው ክረምት የጎረቤት ጥጃ ገብታ ሳትወጣ ቀርታለች። ጥጃዋ ጥጉን አታውቅም ነበር።

እማማ ስለ ጉድጓዱ ስንጠይቃቸው ብዙም አላወሩም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው ዝም አሉ።

ወረቀቱ ላይ ጉድጓድ የለም

አዲስ አበባ ስንመለስ ነገሩ አልወጣልን አለ። አንድ የምናውቀው መሐንዲስ የመንገዱን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ጥናት አሳየን። ወፍራም ነው፤ እንግሊዝኛ ነው። የገረጋንቲ ማውጫን የሚመለከተውን ገጽ ፈልገን አገኘን። የላይኛው ለም አፈር ተገፎ ለብቻው ይቀመጣል ይላል። ማውጫው ሥራው ሲያልቅ ይሞላል፣ ጠርዙ ይስተካከላል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ሣርና ዛፍ ይተከልበታል ይላል። ሁሉም ከርክክቡ በፊት።

በወረቀቱ መሠረት እንግዲህ ልጆቹ የሚዋኙት ሜዳ ላይ ነው!

ቀጥለን «ይህ መፈጸሙን ማን አየ?» ብለን ጠየቅን። አንዱ ቢሮ «ክትትሉ የአማካሪው ነው» አለን። ሌላው «ኦዲቱ እኛን አይመለከትም» አለን። ሦስተኛው «ደብዳቤ አምጡ» አለን። ደብዳቤ ይዘን ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። እስካሁንም ሳይወጡ አልቀሩም።

ክትትል ምንድን ነው? ኦዲትስ?

ሁለቱ ቃላት ሲደጋገሙ ስለሚያሰለቹ እስቲ ወደ ማጀት እናምጣቸው። ክትትል ማለት ወጡን የምትሠራው ሴት እያማሰለች መቅመሷ ነው። ኦዲት ማለት ደግሞ ወጡን ያልሠራ ሰው መጥቶ ቀምሶ መፍረዱ ነው።

መንገድ ሥራ ላይ ሲሆን ክትትሉ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች አሉት፦ ቦቴው አቧራውን ለማብረድ በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ረጨ? ድንጋይ ካባው ላይ ድማሚት ሲፈነዳ የማን ቤት ተሰነጠቀ? ከካምፑ የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት የት ፈሰሰ? የጎርፍ መውረጃ ቱቦው የማን ማሳ ላይ ከፈተ? ይህ በየጊዜው ይመዘገባል፤ ጥፋት ሲገኝ ሥራው ሳያልፍ ይታረማል። ኦዲቱ ደግሞ በመሐልም በመጨረሻም ገለልተኛ ሰው መጥቶ ጥናቱን በአንድ እጁ፣ መዝገቡን በሌላው ይዞ መሬቱን በእግሩ የሚረግጥበት ነው። ቃል የተገባው ተፈጽሟል? ይደርሳል የተባለው ጉዳትስ ከተገመተው በለጠ ወይስ አነሰ?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚመለከተው ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ አስተያየቱን የመስጠት መብቱን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የጥናት ሪፖርቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ፣ ፈቃድ ያገኘ ፕሮጀክትም የገባውን ግዴታ መፈጸሙን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲከታተል አዝዟል።

ታዲያ ጉድጓዱ ከየት መጣ?

ወጡን የሚቀምሰው ማን ነው?

በእኛ አመለካከት ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ቀማሹና ሠሪው አንድ ቤት ናቸው። መንገዱ በተሎ እንዲያልቅ የሚፈልገው የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ነው። አማካሪ መሐንዲሱን የሚቀጥረውም እሱ ነው። አማካሪው «አፈሩ አልተመለሰም» ብሎ ሥራ ቢያስቆም፣ የሚዘገየው የቀጣሪው ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ጊዜ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጥናቶችን የመገምገም ሥልጣኑን በውክልና ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሰጥቶ ነበር። ማለትም ግንባታውን የሚመራው ዘርፍ የራሱን ፈተና እንዲያርም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የተቋሙ ስም ደጋግሞ ተቀያይሯል፤ ልማዱ ግን ከስም ጋር አይቀየርም።

ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ያስቃል። አዋጁ ሲወጣ የፈቃዱን ግዴታ ላልፈጸመ የፕሮጀክት ባለቤት ያስቀመጠው መቀጮ ከ10 ሺ እስከ 20 ሺ ብር ነው። በ1995 ዓ.ም. እንኳ ለመንገድ ፕሮጀክት ምንም ነበር። ዛሬ ጉድጓዱን ለመሙላት ዶዘር ለጥቂት ቀናት መከራየት ከዚህ ይበልጣል። ማጥፋት ከማስተካከል ከረከሰ ሰው የቱን ይመርጣል?

ሦስተኛ፣ የሚመለከተው ሰው ወረቀቱን አያየውም። የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድን ውሰዱ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አቅራቢያ የሚያልፍ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ነው። ገንዘቡ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከዓለም ባንክ፣ ከኮሪያና ከቻይና የመጣ ነው። አበዳሪዎች ስላስገደዱ የተፅዕኖ ጥናቱ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። መልካም ነው። ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቱቦው ማሳው ላይ የሚከፍትበት የመቂ ገበሬ በየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው ቋንቋ ያንብበው?

«አሁን ለጉድጓድ ይኼ ሁሉ?»

የሚሉን አሉ። በ1989 ዓ.ም. አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100 ሺ በላይ ሆነ። «በዚህ ፍጥነት እየሮጥን ጉድጓድ ብንቆጥር እንዘገያለን» ይላሉ። አባባሉ ክብደት አለው፤ መንገድ የሚጠብቁ ሌሎች እማማዎች አሉና።

ግን ካለመቁጠርም መዘግየት ይመጣል። ጎረቤት ዩጋንዳን እንይ። ከካምዌንጌ ወደ ፎርት ፖርታል የሚሄደው 66 ኪሎ ሜትር መንገድ በዓለም ባንክ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ክትትሉ ሳያስቆመው፣ የመንገድ ሠራተኞች በአካባቢው ታዳጊ ሴት ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸው ተጋለጠ። ነገሩን ገፍተው ባንኩ ደጃፍ ያደረሱት አቤት ያሉ ነዋሪዎች ናቸው። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ባንኩ ገንዘቡን ሰረዘ። ከዚህ የበለጠ መዘግየት አለ?

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ትግራይ አለች። ከመቐለ ወደ ዐድዋ በሚወስደው መንገድ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ የመንገዱ ቱቦዎች ጎርፉን አንድ ቦታ ሰብስበው ከታች ባለው መሬት ላይ ቦረቦር እንደከፈቱ አሳይቷል። በዚያው ክልል እ.ኤ.አ. ከ2014 ግድም ጀምሮ ግን ይኸው ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ እንዲመለስ ተሞከረ፤ የቀድሞ የገረጋንቲ ጉድጓዶችም ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኑ። ያው ጉድጓድ፣ ያው ውሃ! ልዩነቱ አንድ ሰው ሄዶ አይቶ «ይህን ምን እናድርገው?» ብሎ መጠየቁ ነው።

የእኛስ ድርሻ?

እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ራሳችንም እናዙር። ከመካከላችን ሁለታችን ልምምድ ስንወጣ የመንገድ ምረቃ ዜና ሠርተናል። ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ብር፣ ሪባኑን ማን ቆረጠ። «የአካባቢ ኦዲት ተደርጎለታል ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። መጠየቅ እንዳለብን እንኳ አላወቅንም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ለማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶ፣ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሆን ወስኗል። ክፍል ውስጥ ለፈተና ሸምድደነዋል። የተጠቀምንበት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ ጉድጓድ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የገባው ቃል ዝርዝር በአካባቢው ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኦዲተሩን የመንገዱ ባለቤት አይቅጠረው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ኦዲቱ ከመጨረሻው ርክክብ በፊት ይሁን። ብዙውን ጊዜ ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ አንድ ዓመት የሚያህል የዋስትና ጊዜ አለ፤ ከኮንትራክተሩ ክፍያ የተያዘ ገንዘብም አለ። ጉድጓዱ ሳይሞላ ያ ገንዘብ አይለቀቅ። ማሽኑ ተጭኖ፣ ካምፑ ፈርሶ፣ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ የሚመጣ ኦዲት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛችን አያቷ ጋ ደውላ ነበር። ዝናብ ጀምሯል። እማማ ልጆቹን ከጉድጓዱ ለማራቅ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጠው «ወዴት ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ አሉ። በሰማንያ ዓመታቸው፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ማህተም የአካባቢ ክትትል የያዙት እሳቸው ናቸው ማለት ነው።

ክረምቱ ሳይገፋ ሥራውን የሚረከባቸው መሥሪያ ቤት ይኖር ይሆን? እኛ የደብዳቤያችንን 30 ቀን እየቆጠርን ነው።