በር ላይ ያቆመን ማን ነው?

ሱፕሪም የተባለው የልብስ መደብር እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ላፋየት ጎዳና የተከፈተው ስኬትቦርድ ለሚነዱ ወጣቶች ነበር። ኋላ ግን በየሐሙሱ ጥቂት ጥቂት ዕቃ እያወጣ ሰዉን በረጅም ሰልፍ ያቆም ጀመር። በ2016 አርማው ያለበትን የሸክላ ጡብ በ30 ዶላር ሸጠ። ጡቡ አለቀ፤ የገዙትም አትርፈው ሸጡት።

ያን ጡብ የገዛ ሁሉ ቤት ሊሠራበት አይደለም። የገዛው «እኔ ገብቻለሁ፤ አንተ ውጭ ነህ» ማለትን ነው።

ወገኖች፣ በሰልፈኛው ለመሳቅ አንቸኩል። እኛስ በጉባኤያችን ጥሩ ለለበሰው የፊት ወንበር፣ ለድሃው የበር ጥግ ስንሰጥ፣ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የገሠጸው ይህንኑ አይደለምን? ከስብከቱ ይልቅ የሰባኪው ጫማ ሲወራ ዝም ያልነው ለምንድን ነው?

ጸጋ በቁጥር ተወስኖ አይሸጥም፤ «አለቀ» አይባልበትም። ክርስቶስ ዋጋውን በደሙ ከፍሏል። እርሱ በከፈተው በር ላይ ሰልፍ ካበጀን፣ እኛም የምንሸጠው ጡብ ነው። ንስሐ እንግባ።

አንተም ገና በደጅ የቆምከው ወዳጃችን፣ በለበስከው ልብስ ግባ። ጌታ ይቀበልሃል።