«አላየሁም» ያለችው ሴት

የአሜሪካኖቹ የድሮ የፖሊስ ተከታታይ ድራማዎች አንድ የማይለወጥ ሥርዓት አላቸው። ሰው ይጠለፋል። ያየ ሰው አለ ይባላል። መርማሪው ባርኔጣውን ደፍቶ በር ያንኳኳል። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ ይልና አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። «ምንም አላየሁም» ትላለች። ማየቷን እሱም ያውቃል፣ እኛ ተመልካቾቹም እናውቃለን። መርማሪው ስለ ኅሊና፣ ስለ ዜግነት ግዴታ፣ ስለ ተጠለፈችው ልጅ እናት ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል። ሴትዮዋ ዕንባዋን ትጠርጋለች፤ ሰንሰለቱ ይፈታል። ወንጀለኛው ይያዛል፣ ሙዚቃው ይመታል፣ አለቀ።

የዚህ ዓይነት ድራማ አባት ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1959 በቴሌቪዥን የታየው «ድራግኔት» ነው። ታሪኮቹ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ የተቀዱ ነበሩ፤ ባለጉዳዮቹ እንዳይጎዱ ግን ስማቸው ይቀየር ነበር። ይቺን «ስማቸው ይቀየር ነበር» የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላት ነገር ነበረች፦ ታሪክ የሚያልቀው ነገሩ ስላለቀ ሳይሆን ደራሲው መናገሩን ስላቆመ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው በኋላ ያለውን ጠይቁ። እኔም ስለዚያች ሴት እጠይቃለሁ። በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ማን ጠበቃት? የወንጀለኛው ወንድም የት ጥግ ቆሞ ነበር? ድራማው አይነግረንም። የማስታወቂያ ሰዓት ደርሶበታላ!

እስቲ ይህንኑ ፊልም ወላይታ ሶዶ ላይ እንሥራው። ሰዎቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው፤ ነገሩን ግን አገሩ ያውቀዋል።

ማለዳ ነው። ዳሞታ ተራራ ጉሙን እንደተከናነበ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቦዲቲ መንገድ ዳር፣ አንዲት ሴት ስኳር ድንችና አቮካዶ ዘርግታ ተቀምጣለች። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን አቅፋ ታልፋለች። ባጃጅ ይቆማል፤ ሦስት ጎረምሶች ይወርዳሉ። ጩኸት፣ የወደቀ ደብተር፣ አቧራ። ባጃጁ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣና እዚያው ገበያተኛው መሀል ቆሞ «ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ?» አላት። እሷም «ኧረ እኔ ምንም አላየሁም!» አለች።

ይኸውላችሁ፣ የተማረው ሰው አንደበቱ የሚፈታው እዚህች ላይ ነው። «ሕዝቡ አልነቃም»፣ «ባህሉ ነው»፣ «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» ይላል። ከዚያ አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የውሎ አበል ይፈረማል፣ በሻይ እረፍት ብስኩት ይበላል። ሴትዮዋ ግን አልተጠራችም። ድንቿን እየሸጠች ነው።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ግንዛቤ የጎደላት እሷ አይደለችም። እንዲያውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሒሳቡን አጥርታ ያሰላችው እሷ ብቻ ናት። ከጎረምሶቹ የአንዱ አጎት ቀበሌ እንደሚሠራ ታውቃለች። የባጃጁ ባለቤት የዕድሯ ዳኛ ዘመድ ነው። የራሷ ልጅ የምትማረው በዚያው መንገድ ተመላልሳ ነው። ፖሊሱ ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፤ እሷን የሚያዛውራት የለም። ፍርድ ቤት ስትሄድ «ለሌላ ቀጠሮ» ትባላለች፤ ያ ቀን የገበያ ቀን ከነበረ የልጆቿ እራት አብሮ ተቀጥሯል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨረሻውን ታውቀዋለች። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሽማግሌ ይነሣል። ወደ ልጅቷ አባት ይሄዳል፣ ከብትና ገንዘብ ይቆጠራል። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ መንገዱን አሳብሮ ወደ ድንች ሻጯ ጎራ ይላል።

«ስሚ እንጂ እናቴ፣ ነገሩ እኮ በእርቅ እያለቀ ነው። አባትየውም እሺ ብሏል። ታዲያ አንቺ ብቻሽን ፍርድ ቤት ቆመሽ የሰው ጎጆ ልታፈርሺ ነው?»

ልብ በሉ፤ «ጎጆ» አሉት። አንዲት ሕፃን እየጮኸች የተጎተተችበትን ቤት ጎጆ አሉት! በዚህች አንዲት ቃል ጠላፊው ባለትዳር፣ ምስክሯ ደግሞ ትዳር አፍራሽ ሆኑ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ቃል ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል፤ ይቺን የመሰለች አደገኛ ቃል ግን ብዙ አላጋጠመችኝም።

«እርቅ ደም ያደርቅ» ይላል ያገራችን ሰው። እውነቱን ነው። ግን እርቅ የሚባለው በበዳይና በተበዳይ መካከል ሲሆን ነው። በዚህኛው እርቅ ላይ ተበዳይዋ የለችም። ጓዳ ተዘግቶባታል። የታረቁት ሁለት አባቶች ናቸው፤ የታረቁትም በእሷ ነው። ይኼ እርቅ ሳይሆን ርክክብ ነው።

እንግዲህ ሕጉን እንይ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን «በፈቃዷ» ካገባችው ክስ አይቀጥልም ይል ነበር። በሌላ አነጋገር ሕጉ ራሱ ሽማግሌ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህንን ሻረው። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ ምንድን ነው ብትሉ፣ መጽሐፉ ተለውጦ ሽምግልናው ዛሬም በ1949ኙ እየዳኘ መሆኑ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደመዘገበው፣ ካገቡ ሴቶች መካከል ከመቶ 8 ያህሉ ትዳራቸው በጠለፋ የተጀመረ ነበር። አሁን ከዚህ ቁጥር ጀርባ ያለውን አስቡት። ጠለፋ እንደ ኪስ አውላቂ ሥራ ተደብቆ የሚያልፍ ነገር አይደለም። በመንገድ፣ በጩኸት፣ ብዙ ጊዜም በጠራራ ፀሐይ ነው። ለእያንዳንዷ ሴት ስንት ዓይን አይቷል? ከዚያ ሁሉ ዓይን ስንት አፍ ወጣ? «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። አይነቅዝም፤ ያነቅዛል እንጂ።

ከሶዶ ወጣ ልበልና አርሲን ልጥራ፤ አገር ያወቃቸው ሁለት መዝገቦች ያሉት እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1996 አበራሽ በቀለ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ተጠለፈች። ስታመልጥ ያሳደዳትን ጠላፊ በገዛ ጠመንጃው ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፣ ፍርድ ቤትም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ደስ ይላል አይደል? ግን ነጻ የወጣችው ልጅ ከቀዬዋ ርቃ ለመኖር ተገደደች። ኋላም ታሪኳ «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም ሆኖ፣ በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ አበራሽ በታሪኬ ላይ መብት አለኝ ብላ ነበርና። ምስክርነቷን ለማድነቅ የተሰበሰብነው እኛ እንኳ አስቀድመን እሷን መጠየቅ አይሆንልንም ማለት ነው።

ሁለተኛው መዝገብ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈች። ፍርድ ቤት በጠላፊውና በግብረ አበሮቹ ላይ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ፈታቸው። አገር ውስጥ መፍትሔ የጠፋለት አቤቱታ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ዘንድ ደረሰ። ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ የልጅቷን መብት አላስጠበቀችም፣ 150 ሺህ ዶላር ትካሳት አለ። ውሳኔው ይፋ ሲሆን ከጠለፋው ቀን ወዲህ 15 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። ድንች ሻጯ ይህንን መዝገብ አላነበበችም። ማንበብም አያስፈልጋትም፤ የተፈረደበት ሰው ተመልሶ ገበያ ሲወጣ ማየት ይበቃታል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሐዋሳ ለሶዶ ሩቅ አይደለችም። ግንቦት 2015 ዓ.ም. እዚያ አንዲት ወጣት ስትጠለፍ ተጠርጣሪው የከተማዋ ከንቲባ ጠባቂ የነበረ ሰው መሆኑ ተሰማ። አገር ጮኸ፤ ጩኸቱም ነገሩ በዝምታ እንዳይዋጥ አደረገ። እሰየው! ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጠላፊው መንግሥት ያስታጠቀው ሰው ከሆነ፣ ያየ ሰው ለማን ሄዶ ይናገር? ደግሞስ እያንዳንዷ የገጠር ልጅ ስትጠለፍ አገር ይጮኽላታል?

«ሕግ የምስክር ጥበቃ ይሰጣል» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ማንነትን ከመሰወር አንሥቶ መኖሪያን እስከ መቀየር የሚሄድ ጥበቃ በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። ግን በሩን ተመልከቱት። አዋጁ የሚመለከተው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የጠለፋ ቅጣት ጣሪያው ደግሞ 10 ዓመት ነው። ምስክሯ የሕጉ ደጃፍ ላይ ቆማለች ማለት ነው፣ አንድ እግሯ ውስጥ አንድ እግሯ ውጭ። ያም ሆኖ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትላትስ? ጓሮዋን እንሰቷን፣ ዕድሯን፣ የደንበኞቿን ፊት ተሸክማ የት ትሂድ? «ድራግኔት» ስም ይቀይር ነበር። ሶዶ ላይ፣ ሁሉም የማን ልጅ መሆኗን በሚያውቅበት ሰፈር፣ ይቺን ሴት ስሟን ማን ይቀይርላት?

ስለዚህ ጥበቃው ከሩቅ የሚላክላት አይደለም። ጥበቃዋ ጎረቤቷ ነው። ዛሬ የሚያስፈራራት ይኸው ጎረቤት፣ ዕድርና ሽማግሌ ነው፤ ነገ ሊያስጠልላት የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። የዚህች ጽሑፍ ጠቡም ከእሱ ጋር ነው።

አደራ፣ ሽምግልናን የናቅኩ አታስመስሉኝ። የወላይታ ሰው በዱቡሻው ተቀምጦ የድንበር ክርክር፣ የከብት ጠብ፣ የወንድማማች ቅሬታ ሲፈታ የኖረ ሕዝብ ነው። ፍርድ ቤት ዓመት የሚያንከባልለውን ነገር አዋቂ ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ይህንን ጥበብ አከብራለሁ። በማክበሬም ነው የምቆጣው። ክብሩ የሚመጣው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ በመፍረዱ ከሆነ፣ ልጅቷን ሳይሰማ ያስታረቀ ሽማግሌ በምን ሒሳብ ሽማግሌ ይባላል? ደላላ ነው።

«ባህላችንን አትንኩ» የሚል ካለ ደግሞ ጎረቤት ከምባታን ይይ። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ2019 አርፋለች፤ ሥራዋ ግን ይናገራል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሯ ተመልሳ ከእህቷ ጋር ባቋቋመችው ድርጅት አማካይነት በሴት ልጅ ግርዛትና በጠለፋ ላይ ዘመተች። አዳራሽ ይዛ ንግግር አላደረገችም። ሽማግሌውን፣ ዕድርተኛውን፣ ሴቱንና ወጣቱን አንድ ላይ አስቀምጣ ወራት የፈጀ ንግግር አነጋገረቻቸው። ባህል ነው የተባለውን ነገር ባለ ባህሎቹ ራሳቸው ጣሉት። እነዚያው ሰዎች፣ እዚያው መንደር! ከምባታ የቻለውን ወላይታ የማይችልበት ምክንያት የለም። ሶዶ ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሰበብ አልቆባታል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፖሊስ ምስክርን ገበያ መሀል አቁሞ አይጠይቅ፤ በዚያች ሰዓት ገና ሳትናገር አጋልጧታልና። ዳኛ የጠለፋን ጉዳይ በቀጠሮ አያዳክመው፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ለአስታራቂው የተሰጠ የሥራ ጊዜ ነው። ዕድር በመተዳደሪያ ደንቡ አንዲት መስመር ይጨምር፦ ጠላፊን የሸሸገ እንጂ እውነት የመሰከረ አይገለልም። ሽማግሌም ስለ ጠለፋ ሲጠራ «ይኼ የእኔ አይደለም፣ የፍርድ ቤት ነው» ብሎ ከዘራውን አንሥቶ ይመለስ። ይኼኛው ገንዘብም ሥልጠናም አይጠይቅም።

እነዚህን ሳናደርግ ግን ያችን ሴት ፈሪ ማለቱን እንተወው። እሷ ያየችው ልጅቷ ስትጠለፍ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ እኛ ምን እንደምናደርግም አይታለች። «አላየሁም» ያለችው ስለ ጎረምሶቹ መስሎን ነበር፤ ለካ ስለ እኛ ኖሯል። ከእኛ መካከል ከጎኗ የሚቆም አንድም ሰው አላየችም።