ሰበብና ተጠያቂነት፦ ከበረራ 302 በኋላ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ሳይቀር ጣት የተቀሰረው በአብራሪዎቹ ላይ ነበር፤ ሙት አይከራከርምና። ተመሳሳይ አውሮፕላን አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎችን ይዞ መስጠሙ ግን ይታወቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲስማማ፣ ማታለሉ የተጻፈው በሁለት ቴክኒካዊ አብራሪዎቹ ላይ ነው። የሟች ቤተሰቦች አልተጠየቁም። ለካሳ ኃላፊነቱን ያመነውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ቤተሰቦቹ የቅጣት ካሳ እንደማይጠይቁ ከተስማሙ በኋላ ነው፤ የእምነት ቃሉ በዋጋ የተገኘ ነበር። ፍርድ ቤቱ የቤተሰቦቹ መብት መጣሱን ቢቀበልም ስምምነቱን አላፈረሰም። ኮንግረስ ይህን ሥልጣን ለዳኞች በግልጽ ሊሰጥ ይገባል።