ዛፉ ታመመ ወይስ መብራቱ በዛ?

በቸርችል ጎዳና በመኪና ጭስ መካከል የቆሙትን ዛፎች ጤንነት በክሎሮፊል ፍሎረሰንስ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፣ በቅድሚያ የመሣሪያውን ብርሃን ይመርምር። ቅጠሉ ከተቀበለው ብርሃን ጥቂቱን ቀይ አድርጎ ይመልሳል፤ ይህን ፍሎረሰንስ የሚቀሰቅሰው የመለኪያ ብርሃን ግን ራሱ ብርሃን አስተፃምሮን ማስጀመር የለበትም።

30 ደቂቃ በጨለማ የቆየ ጤናማ ቅጠል መነሻ ንባቡ 170፣ ከፍተኛው 1000 ቢሆን፣ ልዩነቱ ለከፍተኛው ሲካፈል 0.83 ይሰጣል። ብርሃኑ በርትቶ መነሻውን 300 ካደረሰው ውጤቱ ወደ 0.70 ይወርዳል፤ ጤነኛው ዛፍ ያለ በደሉ በሽተኛ ይባላል። ብርሃኑ ከልክ በላይ ሲደክም ደግሞ ንባቡ በመሣሪያው መዋዠቅ ይዋጣል።

እንግዲህ የመለኪያ ብርሃኑን ብቻ አብርታችሁ ተመልከቱ፤ ንባቡ ሽቅብ ከወጣ፣ እስኪረጋ ድረስ ብርሃኑን ቀንሱ። በእኔ እምነት፣ የብርሃኑን መጠን የማይገልጽ የቤተ ሙከራ ዘገባ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።