ደረቅ ዝንጅብል የእርጥቡ ትራፊ አይደለም



ዛሬ የዕለት ዋጋ ሳይሆን ሐሳብ ይዤ ነው የመጣሁት። ጉዳዩ የወላይታ ዝንጅብል ነው። ከቦሎሶ ሶሬ፣ ከቦሎሶ ቦምቤና ከአረካ ዙሪያ የምትጭኑ ነጋዴዎች፣ የዩኒየን አመራሮች፣ ሶዶ ላይ ሆናችሁ የምትሰበስቡ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በየዓመቱ ምርት ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «እርጥቡን ልሽጥ ወይስ ላድርቀው?» መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ «የእርጥቡ ዋጋ ከወደቀ አድርቀው።» እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ደረቁን እርጥቡ ሳይሸጥ ሲቀር የሚሠራ ሥራ ስላደረግነው ነው ዋጋውም የትራፊ ዋጋ የሆነብን። እርጥብና ደረቅ ዝንጅብል ሁለት ዕቃ ናቸው። ገዢያቸውም ሁለት ነው። ስለዚህ ውሳኔው ከመቆፈሩ በፊት መወሰን አለበት።

🔹 መጀመሪያ ከማድ ቤት እንነሳ

ሶዶ ገብቶ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ዳጣን ያውቀዋል። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮረሪማ አብሮ የሚፈጭበት ነው። ዳጣ የሚፈልገው እርጥቡን ነው። ደረቅ ዱቄት ብትጨምሩበት ማቃጠሉን ያቃጥላል፣ ያ ትኩስ ሽታ ግን የለም። አንድ ጊዜ ደረቁን ይዤ ዳጣ ለሚያዘጋጁ አንዲት እናት ባሳያቸው «ይሄማ ለበርበሬ ነው ልጄ» ብለው መለሱልኝ። ሃይታ ቱኪያ የሚያፈሉም፣ ማለትም ከቡና ቅጠል የሚጠጣውን፣ ዝንጅብሉን ወቅጠው ነው የሚጨምሩት።

በርበሬ ላይ ነገሩ ይለያል። እቤት ሲዘጋጅ እርጥቡ ዝንጅብል ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወቀጥና ከበርበሬው ጋር ታሽቶ አብሮ ይደርቃል። በብዛት የሚያመርተው ባልትና ቤት ግን ይህን ሁሉ ጊዜ የለውም፣ ደረቁን ነው የሚፈልገው። እርጥበት ያለው ዝንጅብል ወፍጮ ላይ ይለጠፋል፣ የታሸገውንም በርበሬ ያሻግታል። ውጭ አገርም እንደዚሁ ነው፤ ሱዳንና የመን ከቡና ጋር የሚያፈሉት ደረቁን ነው።

ለምን ይለያያሉ? እርጥቡ ውስጥ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ጂንጀሮል ይባላል። ሲደርቅ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፣ ይሄኛው ደግሞ የበለጠ ያቃጥላል። በአንጻሩ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ከፊሉ እየተነነ ይሄዳል። እንግዲህ እርጥቡን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለሽታውና ለጭማቂው ነው። ደረቁን የሚገዛው ደግሞ ለማቃጠሉ፣ ለመቆየቱና ለንጽሕናው ነው የሚከፍለው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

🔹 ሒሳቡ

እርጥብ ዝንጅብል 80 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። 100 ኪሎ እርጥብ ውስጥ 20 ኪሎ ብቻ ነው ደረቅ ነገሩ። ገበያው በሚፈልገው 12 በመቶ እርጥበት ካደረቃችሁት 22.7 ኪሎ ታገኛላችሁ። 1 ኪሎ ደረቅ ማለት 4.4 ኪሎ እርጥብ ማለት ነው። ሲታጠብና ሲቆራረጥ የሚጠፋውን ከጨመራችሁ 5 ብላችሁ ብታስቡ ይሻላል።

ምሳሌ እንውሰድ (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለሒሳብ ብቻ ነው)፦ እርጥቡ ኪሎ 50 ብር ቢሆን 100 ኪሎ 5,000 ብር ነው። ደረቁን በ200 ብር የሚወስድ ሰው ቢመጣ 22.7 ኪሎው 4,540 ብር ያወጣል። 460 ብር ከሰራችሁ፣ የጉልበትና የሸራ ሳይታሰብ ማለት ነው። በ300 ብር ከሆነ 6,810 ብር ነው። 1,810 ብር ትርፍ አለው፣ ከዚያ ላይ ወጪያችሁን ቀንሱ። «200 ብር» የሚለው ቁጥር ከ50 አጠገብ ሲቆም ትልቅ ይመስላል፤ ብዙ ገበሬ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ነጋዴውም በሌላ በኩል ይሸወዳል። በ20 በመቶ እርጥበት የገዛችሁት አንድ ኩንታል 12 በመቶ ላይ ሲደርስ 91 ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው። 9 ኪሎ ውሃ ገዝታችኋል ማለት ነው። ይህንን ስለምታውቁ ከሁሉም ገበሬ ላይ ቀድማችሁ ትቀንሳላችሁ። በደንብ ያደረቀው ሰው ባላደረቀው ዕዳ ይቀጣል። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት እሱም አያደርቅም።

🔹 መሬት ላይ የተሰጣ

ሌላው ችግር አደራረቁ ነው። እርጥቡ ሳይሸጥ ሲቀር በጥድፊያ፣ ሳይታጠብና ሳይሰነጠቅ፣ ባዶ መሬት ላይ ይሰጣል። ሙሉው ሥር ከላይ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ ይሻግታል። ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ለዝንጅብል ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፣ ቢ1 ለሚባለው ዓይነት ደግሞ 5። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ከመቶ ማዳበሪያ ውስጥ ጥቂቱ ሙሉውን ጭነት ሊያስመልስ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማጠብ፣ ቀጠን አድርጎ መሰንጠቅ፣ ቡና እንደምናደርቅበት ዓይነት አልጋ ላይ ማስጣት፣ ማታ መሸፈን። መላጥ ከተፈለገ በስሱ ይሁን፤ የሽታው ዘይት ከልጣጩ ሥር ስለሆነ በጥልቀት የላጠ ሰው ዘይቱን ጣለው ማለት ነው።

🔹 «መሬት ውስጥ ይቆየኝ» የሚለው ነገር

ድሮ ዋጋ ሲወድቅ ሳይቆፍሩ መተው ይቻል ነበር። መሬቱ ራሱ መጋዘን ነበር። በ2004 ዓ.ም የአጠውልግ በሽታው ገብቶ ማሳውን ሲጨርስ ያየ ሰው ግን ይህንን በቀላሉ አያደርገውም። በሽታው በዘር፣ በአፈርና በውሃ ይተላለፋል። ስለዚህ እርጥቡን ከቦታ ቦታ ስናዞር እናስብ፤ ለማድ ቤት ተብሎ የተገዛው ዝንጅብል ቡቃያ ሲያወጣ ለዘር ይውላል። ደረቁ ይህ ጣጣ የለበትም፣ ማንም አይተክለውም።

🔹 ምን ይደረግ?

✅ ገበሬዎች፦ ከመቆፈራችሁ በፊት ለሁለት ክፈሉት። ወፍራምና ጭማቂ ያለው ለእርጥብ ገበያ፣ በተለይ ለጊፋታና ለመስቀል ሰሞን የቀረ ካላችሁ። ቀሪውን ለደረቅ፣ በበጋው ፀሐይ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ። የደረቁ ዋጋ ከእርጥቡ 5 እጥፍ በታች ከሆነ አታድርቁ።

✅ ዩኒየኖች፦ የእርጥበት መለኪያ ይኑራችሁ። ገበሬው ፊት ለካችሁ፣ 12 በመቶ ላመጣው ሙሉ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ላመጣው እንደ መጠኑ ቀንሳችሁ ክፈሉ።

✅ ሰብሳቢዎች፦ በአልጋ የደረቀውንና መሬት ላይ የተሰጣውን አንድ ማዳበሪያ ውስጥ አትቀላቅሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

✅ ላኪዎች፦ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። አንድና ሁለት ጎረቤት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቀጠል አደጋ ነው። ሌላ ገበያ ደግሞ የምርመራ ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ የሚጀምረው ከገበሬው አልጋ ነው።

«በጥራት አድርቀን ብናመጣም የሚሰጡን ያው ዋጋ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፣ ዛሬ ባለው አሠራር ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው። በግል አንድ ኩንታል ያመጣ ገበሬ ዋጋ አይቀይርም። ለዚህ ነው ከዩኒየን የሚጀምረው፤ አንድ መኪና ሙሉ ተለይቶ የደረቀ ዝንጅብል ይዞ የሚደራደር ዩኒየን ይሰማል። አንድ ወቅት እንኳ በትንሽ መጠን ይሞከር።

እናንተ አካባቢ ደረቁ ከእርጥቡ ስንት እጥፍ ነው የሚሸጠው? የወረዳችሁን ስም ጽፋችሁ ላኩልን፣ ሰብስበን እናወጣዋለን።