አንዷ ወንበር ስንት ታወጣለች?

«ውጤቱ በታወቀ ምርጫ ምን አደከመን?» ማለት በከተማችን የብልህነት ምልክት ሆኗል። እኔ በምኖርበት በለቡ መብራት ኃይልም ይኸው ነው። የታክሲ ወረፋ ላይ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ቤት ኪራይ አፉ የማይዘጋ ሰው፣ «ፓርላማ የወከለህ ማን ነው?» ሲሉት ይስቃል። ይህ ሳቅ ብልህነት አይደለም፤ እጅ መስጠት ነው።

ቁጥር ይመስክር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን፣ ከተማዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካሏት 23 ወንበሮች ደግሞ ሁሉንም አሸነፈ። በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በተራው ከዚያው የከተማ ምክር ቤት 137 ወንበር ወሰደ። ቁጥሩ ያው፣ አሸናፊው ተቃራኒ! ለመሆኑ የአዲስ አበባ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ልቡን እንደ ጋቢ ገለበጠው? እኔ አላምንም። የተለወጠው ውድድሩ ነው። ቅንጅት ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሌሎቹ ዋና ዋና ተቃዋሚዎችም ራሳቸውን አግልለው ነበር። የመጀመሪያው 137 የመራጩን ልብ ነገረን፤ ሁለተኛው የተፎካካሪን አለመኖር።

በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ሲይዙ፣ ከአዲስ አበባ አንዲት ወንበር አመለጠች፤ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ገቡባት። «አንድ ሰው ምን ሊፈይድ?» ተባለ። እርግጥ ነው፣ አንድ እጅ አዋጅ አይጥልም። ነገር ግን አንድ ሰው ሲጠይቅ ሌላው መልስ ይፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. ያቺም ወንበር ጠፋችና 547ቱም የአንድ ወገን ሆኑ። ምን ተከተለ? ዓመቱ ሳይሞላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን አናወጠ። እንደኛ በከተማዋ ጫፍ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በምክር ቤት ያልተጠየቀ ጥያቄ አደባባይ ይወጣል፤ ዋጋውም በሰው ሕይወት ይከፈላል።

«ጥፋቱ የሕጉ ነው» የሚሉኝ አሉ። በከፊል እውነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ብልጫ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ የተሸናፊው ድምፅ የቱንም ያህል ቢሆን ወንበር አያስገኝም። በ2013 ዓ.ም. ብልጽግና ከተማዋን ከሞላ ጎደል ሲጠቀልል ያየነው ይህንኑ ነው። ሆኖም አሜሪካኖችም የሚመርጡት በዚሁ ስልት ነው። በፔንስልቬኒያ፣ በፒትስበርግ ከተማ ዳርቻ፣ ሪፐብሊካኖች እንደ ርስት የያዙት አንድ የምርጫ ወረዳ ነበር። ዴሞክራቶች ተስፋ ቆርጠው በሁለት ተከታታይ ምርጫዎች ዕጩ እንኳ አላቀረቡም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በማሟያ ምርጫ ኮነር ላምብ የተባለ ወጣት አቀረቡና ከሺህ ባነሰ ድምፅ አሸነፉ። ርስት የመሰለው ወንበር የተፈተነው ሰው ሲቆምበት ነው።

ስለዚህ ለተቃዋሚዎች የምለው፦ የምትሸነፉበትን ወረዳ አትዝለሉ። አርባ ከመቶ ያገኘ ተሸናፊ አሸናፊውን እንቅልፍ ይነሳዋል። ለገዥው ፓርቲ የምለው፦ ተፎካካሪን ከአዳራሽና ከመድረክ አታርቁ፤ ያለ ተጋጣሚ የተገኘ ዋንጫ አያስከብርም። ለጎረቤቶቼ የምለው ደግሞ፦ ዕጩውን በስሙ ጥሩት፣ ስለ ውሃው ጠይቁት፣ መልሱን ያዙበት። ያው አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከወንበሩ ማንሣት እንደሚቻልም ይደነግጋል። ስሙን የማናውቀውን ሰው ግን ከምን ላይ እናነሣዋለን?