የሚቀጥለው እሁድ የማን ነው?

ባለፈው ወር እዚህ ደክዋኔ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች መድረክ ላይ ሳለ ድምፁ ድንገት ቀጥ አለ። የመንግሥት መብራት ሄዶ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር፤ ሊባኖስ ውስጥ እሱ ወሬ መሆን ካቆመ ቆይቷል። ሶኬቱን የነቀለችው የቤቱ ባለቤት ናት። ልጁ በሁለት ዘፈን መካከል «በሚቀጥለው እሁድ ዶራ ነን፣ እንዳትቀሩ!» ብሎ የሌላ ሐበሻ ቤት ስም ጠርቶ ነበር። «በእኔ ጄኔሬተር የሰው ቤት ታሞቃለህ?» አለችው። እሱም ኪቦርዱን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ወጣ። ከታዳሚው ከፊሉ ተከተለው፣ ከፊሉ የመግቢያ ገንዘባችንን ካልመለሳችሁ ብሎ በሩ ላይ ቆመ፣ የቀረነው በስልክ ስፒከር እስክስታ ወረድን።

እኔ በሁለቱም ቤት መድረክ እመራለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሰዓት ሒሳብ የሰው ቤት አጸዳለሁ፣ እሁድ ደግሞ ማይክ እይዛለሁ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን «አንቺው ፍረጂን» እያለ ይደውልልኛል። በስልክ ስሸሽ ስለከረምኩ በጋዜጣ ልፍረድ። ልጁ ሳያስፈቅድ መናገር አልነበረበትም፣ ባለቤቷም ሶኬት መንቀል አልነበረባትም፤ ግን ሁለቱም የተጣሉት በትንሹ ነገር ነው። እዚህ አገር የሐበሻ ቤቶችን የሚያከስራቸው ማስታወቂያ ሳይሆን የቀን ግጭት ነው።

አገር ቤት ሆኖ ለሚያነብ ሰው ይህ ሁሉ የተጋነነ ይመስለው ይሆናል። ደክዋኔ ከቤይሩት በስተምሥራቅ፣ ከሲን ኤል ፊል አጠገብ ያለች፣ መኖሪያ ፎቅና ጋራዥ የተደባለቀባት ከተማ ናት፤ ቡርጅ ሃሙድና ዶራም ሩቅ አይደሉም። እሁድ ከሰዓት በዚህ አካባቢ ነጠላ ያጣፋች፣ ሹሩባ የተሠራች፣ በርበሬና ሽሮ በፌስታል የያዘች ሐበሻ አትጠፋም። ሰኞ ግን ያ ሁሉ ሰው በየአሠሪ ማዳሙ ቤት ይሰወራል። በ1946 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓታል። በ2009 የመጣው የቤት ሠራተኞች ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ጽፎላታል፤ ማዳሟ በሩን ካልከፈተችላት ግን ዕረፍቱ ወጥ ቤት ውስጥ ያልፋል። የምትወጣዋም ብትሆን ቁርስ አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ ነው፤ ሳይመሽም መመለስ አለባት። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱለት ነበር። የእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ ምሳ ላይ ይጀመራል፣ ሰዉ ሲሞቅ ሰዓት ማየት ይጀምራል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አዳራሹ ባዶ ነው።

ለባለቤቷ ላድላና ከእሷ ልጀምር። አዳራሹ የተከራየው በሊባኖሳዊ ስም ነው። በካፋላ፣ ማለትም ፈቃዳችን በአሠሪ ስም ታስሮ የገባን ሰዎች በራሳችን ስም ንግድ መክፈት ስለሚከብደን ፊት ሆኖ የሚፈርም ሰው ይፈለጋል፣ ለፊርማውም ይከፈለዋል። ከ2019 ወዲህ አንድ ዶላር ከ1,500 ሊራ ገደማ ተነሥቶ ወደ 90,000 ገደማ ሲወጣ፣ ኪራዩም የጄኔሬተር ሒሳቡም ወደ ዶላር ዞሯል። በር ላይ የሚቆም ሰው አለ፣ እንጀራ የምትጋግር ልጅ አለች። ይህን ሁሉ የምትሸፍነው ከመግቢያና ከመጠጥ ነው። መግቢያው 10 ዶላር ከሆነ፣ በወር 200 ዶላር ለምታገኝ ልጅ የደመወዟ ሃያኛ እጅ መሆኑ ነው፤ 150 የሚከፈላቸውም ብዙ ናቸው። ከዚያው ላይ ለእናት ይላካል፣ ዕቁብ ይጣላል። በወር አንዴ ብትዝናና ነው። እንግዲህ ልጁ «በሚቀጥለው እሁድ» ብሎ የጠራት ያቺን አንዷን ቀን ነው። ገና ወጡ ሳይወጣ የጎረቤትን ድግስ የሚያስታውቅ እንግዳ ሆነባት፤ ብትቆጣ አልፈርድባትም።

የገቡበትን ቤት የማክበር ጨዋነት አዝማሪዎቻችን ድሮም ያውቁታል። ጎንደር ማሲንቆውን ይዞ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት የሚዞረው አዝማሪ በአንድ ምሽት ስንት ቤት ይገባል! ደመወዝ የለውም፣ የሚኖረው በሽልማት ነው። ሆኖም የገባበትን ቤት ባለቤት ሳያወድስ የሚወጣ አዝማሪ አላየሁም። ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ባለቤቷም ታውቃለች፣ ጠጪውም ያውቃል፤ እሱ ግን በግጥሙ አያነሣውም። አንዱ ጠጪ ጠጋ ብሎ «ከዚህ ወዴት ነህ?» ካለው ይነግረዋል። ኪቦርድ ተጫዋቻችንም ከመድረክ ሲወርድ አንዱ ጠረጴዛ ጠርቶ ቢጠይቀውና «ዶራ ነኝ» ቢል ማንም ሶኬት አይነቅልም ነበር። በማይክ የተባለ ነገር ግን ቤቱ እንዳለው ይቆጠራል። በማይክ መናገር የፈለገ አስቀድሞ «እትዬ፣ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ባነሣው ቅር ይልሻል?» ማለት ምን ይጎዳዋል? እሺ ካለችው ሰዉ ጫማውን ማሰር ሲጀምር፣ የእሷን ቤት አመስግኖ፣ ባጭሩ ይናገር። እምቢ ካለችውም ዋትስአፕ አለለት።

«መሣሪያው የራሴ፣ አፉም የራሴ» ይላል ልጁ፤ የሚደግፉትም አሉ። የመሣሪያን ነገር ካነሣን፣ የዋልያስ ባንድ ሰዎች አዲስ አበባ ሒልተን ከመግባታቸው በፊት ቬነስ ክለብ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከበሮውም ጊታሩም ኦርጋኑም የክለቡ ነው፤ ተጫዋቹ ወር ጠባቂ ነው፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ለት በባዶ እጁ ይወጣል። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ የራሳቸውን መሣሪያ ሲገዙ ነው ከቤት ባለቤት ጋር እኩል ተቀምጠው መዋዋል የቻሉት። እኔ ከዚያ ታሪክ የምወስደው፣ መሣሪያ ያለው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመደራደር አቅም እንዳለው ነው። ልጁ ሲዋዋል «ሌላ ቦታ የምጫወተውን በመጨረሻ አስታውቃለሁ» ብሎ ቢያስገባ፣ ወይ ትቀበለዋለች ወይ ሌላ ተጫዋች ትፈልጋለች። በደክዋኔና በዶራ መካከል ደህና ኪቦርድ ተጫዋች በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ትቀበለው ነበር ባይ ነኝ። ዝም ብሎ ተዋውሎ መድረክ ላይ መተንፈስ ግን የመሣሪያ ባለቤትነት የሚሰጠው መብት አይደለም።

እስካሁን ለባለቤቷ አድልቻለሁ። አሁን ደግሞ ቅር ትሰኝብኝ። ከሶኬቱ ነገር ሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ የሌላ ቤት ወረቀት ከአንዲት ልጅ እጅ ላይ ተነጥቆ ሲቀደድ አይቻለሁ። ቀዳጁ አስተናጋጅ ነው፣ ያዘዘችው ባለቤቷ ናት። ያቺ ልጅ ፓስፖርቷ ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነው። መቼ እንደምትተኛ፣ ለማን እንደምትደውል፣ በየትኛው በር እንደምትወጣ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሰው ነው የሚወስንላት። በቀረቻት ግማሽ ቀን የአገሯ ልጅ «እኔ ቤት ብቻ ነው የምትጨፍሪው» ስትላት ማየት አንገቴን አስደፋኝ። ታዳሚ የቤት ዕቃ አይደለም። አዳራሹ፣ ማይኩ፣ ግድግዳው የእሷ ነው፣ በዚህ አልከራከርም፤ በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ያለ ወረቀት ግን የልጅቷ ነው። እንዲያውም ብልህ ባለቤት የሌላውን ቤት ፖስተር ራሷ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ትለጥፈው ነበር፤ የዶራዋም የእሷን እንድትለጥፍላት።

ፖስተር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀት ጎዳና ላይ የምትበትኑ ልጆች ተጠንቀቁ። አድራሻና ሰዓት የተጻፈበትን ወረቀት የሚያነበው ሐበሻ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ከማዳም ቤት ወጥታ ያለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የምትኖር ስንት እህት አለች! ለእሷ አንድ ፍተሻ ማለት እስርና ወደ አገር መመለስ ነው። እጅ በእጅ ስጡ፣ ወይም ጸጉር ቤትና ሐበሻ ሱቅ ውስጥ፣ በሩን አልፎ ከገባ በኋላ በሚታይ ቦታ ለጥፉ።

አሁን ወደ ቀኑ። የእኛ በዓል ሁሉ ወደ እሁድ ይገፋል። ገና ለእኛ ታኅሣሥ 29 ነው፤ ማዳሞቹ በታኅሣሥ 25 በፈረንጁ አክብረው ጨርሰዋል፣ የቡርጅ ሃሙድ አርመኖችም ከእኛ በአንድ ቀን ይቀድማሉ፣ ስለዚህ የእኛዋ ቀን የሥራ ቀን ሆና ታልፋለች። ፋሲካም ቢሆን ማሮናይት (ካቶሊክ) ማዳም ያላት ልጅ ብዙ ጊዜ የማዳሟ ፋሲካ አልፎ የራሷን የምትጠብቅ ናት፤ ሁለት ጊዜ ታበስላለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ አታከብርም። እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ዋለም ሐሙስ፣ ጭፈራው እሁድ ነው። እንግዲህ ያችን እሁድ ደክዋኔም ትፈልጋታለች፣ ዶራም፣ ቡርጅ ሃሙድም። ባለፈው ገና ምን ሆነ? ሁለት ቤቶች በአንድ እሁድ፣ በአንድ ሰዓት ጠሩ። ጓደኛሞች ተለያይተው ሄዱ፣ ሁለቱም አዳራሽ ግማሽ ጎኑ ባዶ ሆነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንድ ሰው ነበር፤ ለሁለቱም ቃል ገብቶ ኪቦርዱን ታቅፎ በሰርቪስ ታክሲ ሲመላለስ፣ አንደኛው ቤት «አሁን ይደርሳል» እያለ በዲጄ አሳለፈ። በሁለቱም ቤት መግቢያው ኪራዩን አልሸፈነም። ያን ዕለት ከመድረክ የሌላ ቤት ስም የጠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም አፉን ዘግቶ፣ ሁሉም ከሰረ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ድምፃዊ ሲኖር ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። አስመጪው ትኬት ቆርጧል፣ ቪዛ አስጨርሷል፣ ሆቴል ይዟል። ድምፃዊው በዋዜማው «እህቶቼን ሰላም ልበል» ብሎ ትንሽ ቤት ብቅ ይልና ሁለት ዘፈን ይጫወታል። በነጋታው ቲክቶክ ላይ ሁሉም አይቶታል፣ የ30 ዶላሩ መግቢያ ለምን ይከፈላል? እዚህ ላይ እኔ ሙሉ በሙሉ ከአስመጪው ጋር ነኝ። እንግዳ ድምፃዊ ከዋናው ዝግጅት በፊት ሌላ ቤት ማይክ መያዝ የለበትም፤ ሰላምታውን ከመድረኩ በኋላ ያድርገው። ትንሿ ቤትም «እሱ ራሱ መጣ» አትበል፤ ወንበር ስባ፣ ማይክ ሰጥታ፣ ላይቭ ከፍታ «ራሱ መጣ» አይባልም።

መፍትሔው ይህን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በመስከረምና በኅዳር መካከል የእስራኤልና የሂዝቦላ ጦርነት ሲበረታ፣ ከደቡብ ሊባኖስና ከቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ከዳሂዬ ሸሽተው መንገድ ላይ ለቀሩ እህቶቻችን ብርድ ልብስና ምግብ ስንሰበስብ፣ ያሁኖቹ ባለጋራዎች በአንድ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ነበሩ። ያ ግሩፕ ዛሬም አልተዘጋም፤ የመልካም ልደት ካርድ መላኪያ ሆኗል እንጂ። በዚያው ላይ እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገውን እሁድ ከሁለት ወር በፊት ይጻፍ፣ ቀድሞ የጻፈ ይያዘው፣ የዓመት በዓሎቹ እሁዶች ደግሞ በየተራ ይሁኑ፤ እንቁጣጣሽ ለአንዷ ከሆነ ገና ለሌላዋ። ቀኑ ከተለየ የደክዋኔዋ ባለቤት የዶራውን ዝግጅት በራሷ ማይክ ብታስታውቅ የምታጣው የለም፤ የራሷ ተራ ሲደርስ ያው ይመለስላታል።

ሐሳቡን ለሁሉም ልኬላቸዋለሁ። የዶራዋ እሺ ብላለች። የደክዋኔዋ «መጀመሪያ እሷ ለእንቁጣጣሽ ማንን እንደምታስመጣ ትንገረኝ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ በበኩሉ በደስታ ተቀብሎታል፤ ለእንቁጣጣሿ እሁድ ግን ከሁለቱም ቤት ቀብድ መውሰዱን የሰማሁት ትናንት ነው።